በ3018 አልሙኒየም መቁረጥ፦ የፊድ፣ የዙርና የጥልቀት ልክ ፍለጋ

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ማሽኑና ሥራው

ማሽኑ 3018 የሚባለው የጠረጴዛ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ነው። ስሙ ልኩን ይናገራል፤ የሥራ ቦታው 30 በ18 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚያሽከረክረው 775 የሚባል ባለ ካርቦን ብሩሽ ሞተር ነው። በ24 ቮልት፣ ያለ ጭነት፣ 10,000 ዙር በደቂቃ ገደማ ይዞራል። መቆጣጠሪያ ቦርዱ ላይ ያለው ጂአርቢኤል የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ሞተሩን አቅፎ የያዘው አካል ግን ፕላስቲክ ነው።

ሥራው ያንን ፕላስቲክ በአልሙኒየም መተካት ነው። 52 ሚሜ ዲያሜትር ያለው 500 ዋት ስፒንድል (መቁረጫውን የሚያሽከረክር ሞተር) ተገዝቶ ተቀምጧል። እሱን የሚይዙ ሁለት ሳህኖች ያስፈልጋሉ፤ ውፍረታቸው 10 ሚሜ፣ መሐላቸው ላይ የ52 ሚሜ ቀዳዳ፣ ጎንና ጎን ዘንግ ላይ ለሚንሸራተት ሊኒየር ኩሽኔታ የሚሆኑ የ19 ሚሜ ቀዳዳዎች።

ማሽን ሾፕ ወስጄ በፍሬዛ ባስቆርጠው ቶሎ ያልቃል። ነገር ግን ከዚህ በኋላ ብዙ የአልሙኒየም ሥራ በዚህ ማሽን ልሠራ ነው ያሰብኩት። ደካማው ማሽን ላይ የቁርጥ ልኩን ካላወቅኩት፣ ጠንካራው ላይም በግምት ነው የምሄደው። ስለዚህ ማሽኑ የራሱን አካል ይቁረጥ።

ከማሽኑ ጋር በሳጥን የሚመጡት ቢቶች እንደ መርፌ የሾሉ የመቅረጫ ቢቶች ናቸው። ለእንጨትና ለፕላስቲክ ጽሑፍ ጥሩ ናቸው። 10 ሚሜ አልሙኒየም ለመብሳት አይሆኑም። የያዝኩት ባለ አንድ ጥርስ የካርባይድ ኤንድ ሚል (በጎኑም የሚቆርጥ ቢት) ነው፤ 3.175 ሚሜ፣ የጥርሱ ርዝመት 12 ሚሜ፣ ምንም ቅብ የሌለው። ቅቡን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቲታኒየም አልሙኒየም ናይትራይድ የተቀባ ቢት ለብረት ግሩም ነው። ለአልሙኒየም ግን ቅቡ ራሱ አልሙኒየም ስላለበት መጣበቅን ይጋብዛል። ያልተቀባና በደንብ የተወለወለ ይሻላል።

ወጪው ላይ አንድ ነገር ልበል። ከቻይና የሚመጣው ርካሽ ቢት በዶላር ሲታይ ትንሽ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምር ግን፣ ዶላሩ ሳይጨምር የብር ዋጋው እጥፍ ሆነ። ኦንላይን ገዝተህም ነገ አታገኘውም፤ ሰው ሲመጣ በሻንጣ ነው የሚገባው። እዚህ አገር አንድ ቢት መስበር የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሳምንታት ጉዳይ ነው። ልኩን በወረቀት አስልቶ መጀመር ያዋጣል የምለው ለዚህ ነው።

ጥቅምት፣ ሁለተኛው ሳምንት፦ ቁሱ

ምን አለሽ ተራ የ10 ሚሜ የአልሙኒየም ሳህን በኪሎ ይገኛል። ዓይነቱን የሚነግራችሁ ግን የለም። አልሙኒየም ሁሉ አልሙኒየም አይደለም። ንጹሑና ለስላሳው እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤ ቢት ላይ ይጣበቃል። የመስኮትና የበር ፕሮፋይል በአብዛኛው 6063 የሚባለው ነው፤ ይቆረጣል፣ ግን ትንሽ ለስለስ ይላል። 6061 በሙቀት ጠንክሮ ቲ6 ሲሆን ለፍሬዛ ምቹ ነው። የነዳጅ ቦቴ አካል ከ5000ዎቹ ወገን ነው፤ ለብየዳ ጥሩ፣ ለመቁረጥ ግን ከ6061 ይልቅ ተጣባቂ ነው። ከሞተር ብሎክና ከማርሽ ሳጥን የወጣ ቀልጦ የተፈሰሰ አልሙኒየም ደግሞ ሲሊኮን አለበት። ፍቅፋቂው አጭር ነው፣ የቢቱን ስለት ግን ይበላል።

ያለ ላቦራቶሪ የሚሠራ ፈተና አለ። ትራፓኖና አዲስ ፑንታ ይዞ መሄድ ነው። ከጫፉ ላይ አንድ ቀዳዳ በሱ። ፍቅፋቂው ረጅም ገመድ ሆኖ ከወጣና ፑንታው ጎድጎዳ ውስጥ ከተጣበቀ ተዉት። አጭር፣ የሚሰባበርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ይሆናል። እኔ የወሰድኩት ሳህን አጭር ፍቅፋቂ ሰጠ። ሞረድ ሲነካውም አይደፍነውም። 6061 ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

ነጋዴው ለሙከራ እንድበሳ ፈቀደልኝ። ጥያቄው ግርም ብሎታል መሰለኝ፣ ቀዳዳውን ጎንበስ ብሎ ራሱ አየው።

ስሌቱ

ሦስት ቁጥር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ፊድ፣ ማለትም ቢቱ በደቂቃ የሚጓዘው ርቀት፣ እኩል ይሆናል፣ ዙር በደቂቃ፣ ሲባዛ በጥርስ ብዛት፣ ሲባዛ አንድ ጥርስ በአንድ ዙር በሚነክሰው ውፍረት። ዙሩ 10,000 ነው። ጥርሱ አንድ። ለ3 ሚሜ ገደማ ቢት አልሙኒየም ላይ ተገቢው ንክሻ ከ0.015 እስከ 0.03 ሚሜ ነው። መሐሉን ብንወስድ 0.02 ነው። ፊዱ 200 ሚሜ በደቂቃ ይመጣል።

ብዙ ሰው «ማሽኑ ደካማ ስለሆነ ቀስ አድርገው» ይላል። ምክሩ ከልብ ነው፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ዙሩን ሳትቀንሱ ፊዱን ብቻ ከቀነሳችሁ ንክሻው ይሳሳል። በጣም የተሳለ ካርባይድ እንኳ ስለቱ ጫፍ ላይ የጥቂት ማይክሮን ክብነት አለው። ፍቅፋቂው ከዚያ ክብነት ጋር ሲቀራረብ ቢቱ መቁረጡን ያቆምና ያሻል። ደነዝ ቢላ ቲማቲምን ሳይቆርጥ እንደሚጨፈልቀው ነው። ማሸት ሙቀት ነው። ሙቀት ለስላሳውን አልሙኒየም ስለቱ ላይ ያጣብቀዋል። ከተጣበቀ በኋላ የሚቆርጠው ቢቱ ሳይሆን የተጣበቀው አልሙኒየም ነው፤ እሱ ደግሞ አይቆርጥም።

የስለቱን ፍጥነትም አየሁት። ፓይ ሲባዛ በ3.175፣ ሲባዛ በ10,000፣ ሲካፈል ለ1,000፤ 100 ሜትር በደቂቃ ገደማ ነው። ካርባይድ አልሙኒየም ላይ ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሳይቸገር ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ቢት ዙሩ በዛ ብሎ መፍራት አያስፈልግም።

አንድ ጥርስ የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። 775 ሞተር ላይ የሚጠለቀው፣ ቢቱን ጨብጦ የሚይዘው ኢአር11 ኮሌት ማስረዘሚያ ቀጥ ብሎ አይዞርም። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ርቀት መለኪያ) አስጠግቼ በእጅ ሳዞረው መርፌው 0.04 ሚሜ ይወዛወዛል። ንክሻው 0.02 በሆነበት፣ ባለ ሁለት ጥርስ ቢት ቢሆን አንደኛው ጥርስ ሁሉንም ይቆርጣል፣ ሌላኛው አየር ይቀዝፋል። ለሁለት ጥርስ ተብሎ የተሰላ ፊድ አንዱ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ባለ አንድ ጥርስ ይሄ ጣጣ የለበትም። ለፍቅፋቂ መውጫም ሰፊ ቦታ አለው።

የዙሩ ጉዳይ

ሙከራ ከመጀመሬ በፊት የጂአርቢኤልን $30 አየሁ። ይሄ የስፒንድሉ ከፍተኛ ዙር የሚጻፍበት ነው። መጀመሪያ ላይ 1000 ነው። ፕሮግራማችሁ 8000 ብሎ ቢልክ፣ ቦርዱ ከ1000 በላይ ስለሆነ ብቻ ሙሉ ኃይል ይሰጣል። 10000 ብዬ ቀየርኩት።

ያም ሆኖ ቁጥሩን ማመን አይቻልም። ሞተሩ ዙሩን የሚነግር ሴንሰር የለውም። የሚላክለት የቮልቴጅ መጠን ብቻ ነው፤ ጭነት ሲመጣ ዙሩ ይወርዳል። ኮሌቱ ላይ ነጭ ምልክት ለጥፌ በኦፕቲካል ታኮሜትር ለካሁት። ባዶውን 10,000 አለ። 0.2 ሚሜ ጥልቀት እየቆረጠ 8,600 አለ። በ200 ፊድ ትክክለኛው ንክሻ 0.023 ሆነ። አሁንም መሐል ላይ ነው። ጥሩ።

የፊድ ፈተና

አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ጥልቀቱ 0.2 ሚሜ፣ በየ20 ሚሜው ፊዱ ከፍ የሚል አጭር ጂኮድ (የማሽኑ ትእዛዝ) ጻፍኩ። 100፣ 150፣ 200፣ 250፣ 300። ሙሉ የቢቱን ስፋት ነው የሚቆርጠው። ቢቱ ከኮሌት የወጣበትን ርዝመት ከ22 ወደ 15 ሚሜ አሳጠርኩት። መታጠፍ በርዝመቱ ኩብ ልክ ነው የሚጨምረው፤ ይቺ ማሳጠር ብቻ መታጠፉን ወደ ሢሶ ታወርደዋለች። ምንም ወጪ የሌለው ማሻሻያ ነው።

100 ላይ ቀጭን ፉጨት ነበረ። የወጣው ግራጫ ዱቄት ነው። በጣት ሲነኩት ይሞቃል። የቦዩ ጠርዝ ላይ ከንፈር የመሰለ ቡር ቀረ።

150 ላይ ፉጨቱ ቀነሰ። ዱቄቱ ግን አልጠፋም።

200 ላይ ድምፁ ተለወጠ። የተስተካከለ ጉርምርምታ ሆነ። ፍቅፋቂው ጥቃቅን፣ ጠመዝማዛና የሚያብረቀርቅ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሼ በማጉያ መነጽር አየሁት፤ አንዱ ገጹ መስታወት የመሰለ፣ ሌላው ሸካራ ነው። የተቆረጠ እንጂ የታሸ አይደለም። የማሽኑን ልክ በጆሮ ከመፈለግ ይልቅ ይሄን ማየት ይሻላል፤ ጆሮ ይሳሳታል፣ ፍቅፋቂ አይሳሳትም።

250 ላይ ፍቅፋቂው እንዲያውም የተሻለ ነበር። የቦዩ ወለል ላይ ግን መስመር መስመር መታየት ጀመረ። 300 ላይ የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሲገፋ በዓይን ይታያል።

ስለዚህ የታችኛው ወሰን ንክሻው ነው፣ የላይኛው ወሰን የማሽኑ ጥንካሬ ነው። መሐሉ ላይ ያለችው መስኮት ጠባብ ናት። 200 ያዝኩ።

የማሽኑን ጥንካሬ መለካት

ጉልበት ነው ወይስ መታጠፍ ነው ያስቸገረው? አሰላሁት። በ0.2 ጥልቀት፣ በ3.175 ስፋት፣ በ200 ፊድ በደቂቃ የሚነሳው ብረት 127 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው። ይሄን ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ኃይል ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ሞተሩ ትንሽ ቢሆንም ከዚያ ብዙ እጥፍ አለው። የሚያንሰው ግትርነቱ ነው።

እሱን ለመለካት የሻንጣ ሚዛን ተጠቀምኩ፤ ኤርፖርት ከመሄድ በፊት ሻንጣ የምንመዝንበትን። ኮሌቱን በገመድ አስሬ 5 ኪሎ እስኪል ሳብኩት። በሌላው ወገን ዳያል ጌጅ ተደግፏል። መርፌው 0.3 ሚሜ ሄደ። ለአልሙኒየም ይሄ ብዙ ነው። ፕላስቲኩን በእጄ ይዤ ሳግዘው ንባቡ በግልጽ ቀነሰ። ደካማው ቦታ እሱ መሆኑ ተረጋገጠ።

ጥቅምት መጨረሻ፦ የመጀመሪያው ሳህን

የሳህኑን ዙሪያ በሴጌቶ ቆርጬ በሞረድ አስተካከልኩ። ማሽኑ የሚሠራው ቀዳዳዎቹን ብቻ ነው። ለውጭው ዙሪያ ቢት መጨረስ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

ኤምዲኤፍ ጠረጴዛው ላይ በአራት ክላምፕ ነው የታሰረው። ብዙ ሰው የወረቀት ፕላስተር ሳህኑም ጠረጴዛውም ላይ ለጥፎ በሱፐር ግሉ ያጣብቃል። ለቀጭን ላሜራ ድንቅ ዘዴ ነው። ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ሲነካው ግን ሙጫው ይለቃል፤ ለዚህ ሥራ አልመረጥኩትም።

የመጀመሪያው የ52 ሚሜ ቀዳዳ በዚህ ልክ ተጀመረ፦ 200 ፊድ፣ 0.2 ጥልቀት፣ ቁልቁል መውረድ የለም፤ ቢቱ እየዞረ በቀጭን ዘንበልታ ነው የሚገባው። ባለ አንድ ጥርስ ቢት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲገፋ ፍቅፋቂው መውጫ ያጣል።

እስከ 5 ሚሜ ጥልቀት ሥራው ያምር ነበር። 6 ሚሜ አካባቢ ድምፁ ወፈረ፣ ከዚያ ቢቱ ተሰበረ። ቦዩን ስመለከተው ታችኛው ክፍል በፍቅፋቂ ተሞልቷል። ፊዱ ልክ ነበር፣ ጥልቀቱም ልክ ነበር። ጠባቡ ቦይ ግን ፍቅፋቂውን አላስወጣውም። ቢቱ የቆረጠውን እንደገና ይቆርጣል፤ የሞቀው ፍቅፋቂ ግድግዳው ላይ ይበየዳል፤ መጨረሻው መሰበር ነው።

ሁለት ነገር ተቀየረ። አንደኛ፣ ቦዩ ከቢቱ ሰፊ ሆነ። ቢቱ በሁለት ጎን ለጎን ክበብ እየሄደ 4.5 ሚሜ ስፋት ይከፍታል። ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። አንዱ ክበብ 153 ሚሜ ነው፤ በ200 ፊድ 46 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በ0.2 ጥልቀት 50 ጊዜ መዞር አለበት። ለሁለቱ ክበብ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆናል። ቢት ከማጣት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ አየር። ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ኮምፕረሰር አለኝ። ቀጭን ቱቦ ከስፒንድሉ ጎን አስሬ ጫፉን ወደ ቢቱ አዞርኩት። ግፊቱ ብዙ አይደለም፣ ግን አያቋርጥም። የፍሪጅ ኮምፕረሰር ከአየሩ ጋር ጥቂት ዘይት ይተፋል። ለቀለም ሥራ መጥፎ ነው፤ ለአልሙኒየም ግን በነጻ የመጣ ቅባት ነው።

ቅባቱን በተመለከተ ማሳሰብ የምፈልገው አለ። ነጭ ጋዝ ለአልሙኒየም የቆየና የታወቀ ቅባት ነው፤ ይሠራልም። አልኮልም ብዙዎች ይረጫሉ። ነገር ግን የ775 ሞተር ሲዞር ብሩሾቹ ላይ ብልጭታ ይፈናጠቃል፤ ብልጭታው ከቢቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይርቅም። አልኮል በክፍል ሙቀት በቀላሉ ይቀጣጠላል። በስፕሬይ የሚረጭ ነገርም ብዙ ጊዜ ጋዙ ራሱ ተቀጣጣይ ነው። እባካችሁ ብሩሽ ያለው ሞተር ሥር አልኮል አትርጩ። እኔ በትንሽ የቀለም ብሩሽ ቀለል ያለ የማሽን ዘይት ጠብ አደርጋለሁ፤ ነጭ ጋዝ ካስፈለገም ጥቂት ጠብታ ብቻ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ መስኮት ተከፍቶ።

የመቆጣጠሪያው ቦርድም ከኋላ ክፍት ነው። የአልሙኒየም ፍቅፋቂ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አንድ ቁራጭ ሁለት እግር ላይ ካረፈ ቦርዱ አለቀለት። ትልቅ ሃይላንድ ጎኑን ቀድጄ ሸፈንኩት። የአየር መውጫ ከላይ ተውኩለት፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ከሞተርም ከቦርድም ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል።

ኅዳር፣ መጀመሪያው ሳምንት፦ መብራት

ሁለተኛው ሳህን እየተቆረጠ መብራት ጠፋ። ቢቱ ቦዩ ውስጥ እንዳለ ቆመ። እንዲህ ሲሆን ጂአርቢኤል ያለበትን ቦታ ይረሳል። መብራት ሲመጣ የቆመበትን ዜሮ ነው ብሎ ይጀምራል። ይሄ 3018 የጉዞውን ጫፍ የሚያሳውቅ ሊሚት ስዊች የለውም፤ ወደ መነሻው ራሱ መመለስ አይችልም።

ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኤምዲኤፉ ላይ፣ ከሳህኑ ውጭ፣ ልካቸው የሚታወቅ ሁለት የማጣቀሻ ቀዳዳዎች በሚሠራው ቢት ተቆርጠዋል። የተሰበረው ቢት እዚህ ላይ ጠቀመ። እግሩ 3.175 ሚሜ ነው፣ ለስላሳ ነው። ገልብጬ ኮሌቱ ውስጥ አሰርኩትና ወደ ቀዳዳው ቀስ አድርጌ አወረድኩት። ሳይነካካ ሲገባ ኤክስና ዋይ ተገኙ። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይም ገባ። ዚን፣ ማለትም ከፍታውን፣ በወረቀት አገኘሁት። ቦዩ ላይ ስመለስ እርምጃው በጣት የማይታወቅ ነበር።

የተሰበሩ ቢቶችን አትጣሉ።

ስቴፕኦቨር እና የቀጭኑ ፍቅፋቂ ነገር

የላይኛው ሳህን ላይ የዚ ስክሩ የነሐስ ዳዶ የሚቀመጥበት ጉድጓድ አለ፤ 22 ሚሜ ስፋት፣ 3.5 ሚሜ ጥልቀት። እዚህ ላይ አዳፕቲቭ የሚባለውን አካሄድ ሞከርኩ። ፍሪካድ የሚባለው የንድፍ ሶፍትዌር ውስጥ አለ። ቢቱ በሙሉ ስፋቱ አይገባም፤ በጎኑ በትንሹ እየቀመሰ፣ ጠለቅ ብሎ ይሄዳል።

ስቴፕኦቨሩን (ቢቱ በጎኑ የሚገባበትን ስፋት) 0.3 ሚሜ፣ ጥልቀቱን 1 ሚሜ አደረግኩ። እዚህ ላይ ስሌቱ ይለወጣል። ቢቱ ከግማሽ ስፋቱ በታች ሲነክስ፣ የሚወጣው ፍቅፋቂ ከተሰጠው ንክሻ ይሳሳል። በ0.3 ስቴፕኦቨር ፍቅፋቂው ወደ 0.58 እጥፍ ይወርዳል። 0.02 ሰጥታችሁ የምታገኙት 0.012 ገደማ ነው፤ ወደ ማሸቱ ተመለሳችሁ ማለት ነው። ለማካካስ ፊዱን በ1.7 ማባዛት ያስፈልጋል። ጭነቱ ቀላል ስለሆነ ዙሩም ወደ 9,500 ነው የወረደው፤ ፊዱ 320 ወጣ።

ድምፁ ንጹሕ ነው። ፍቅፋቂው ሳይታፈን ይወጣል። የጥርሱ ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጎኑም ስለሚሠራ ቢቱ አንድ ቦታ ብቻ አያልቅም።

ፍጥነቱ ግን እንደሚወራው አይደለም። 1 ሲባዛ በ0.3፣ ሲባዛ በ320፤ 96 ኪዩቢክ ሚሜ በደቂቃ። የመጀመሪያው አካሄድ 127 ነበር። ጥልቀቱን 2 ለማድረግ ሞከርኩ፤ ፕላስቲኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ግድግዳው ላይ ማዕበል ወጣ። አዳፕቲቭ ለጠንካራ ማሽን ጊዜ ይቆጥባል። ለደካማ ማሽን የሚቆጥበው ቢት ነው።

ቀዳዳውን መጨረስ

52 ሚሜ ያልኩት ቀዳዳ 51.8 ሆኖ ወጣ። በዚያ ላይ ፍጹም ክብ አይደለም፤ አራት ቦታ ላይ ጠፍጠፍ ያለ ነገር ይታያል። ኤክስ ወይም ዋይ አቅጣጫውን የሚቀይርበት ቦታ ነው። ባክላሽ ነው፤ ስክሩና ዳዶው መሐል ያለ ልቅነት። በዳያል ጌጅ ስለካው ኤክስ 0.06፣ ዋይ 0.04 ልቅነት አላቸው። ጂአርቢኤል ይሄን በሶፍትዌር አያካክስም። የባለ ስፕሪንጉን ዳዶ ጠበቅ አደረግኩት፤ ኤክስ ወደ 0.02 ወረደ። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ስቴፐሩ (ስክሩን የሚያዞረው ሞተር) ዝላይ ይጀምራል፣ እዚያ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ከዚያ ግድግዳውን 0.1 ሚሜ በ180 ፊድ፣ ጥርሱ ወፍራም ነክሶ ስስ አድርጎ በሚወጣበት በክላይም አቅጣጫ ጨረስኩ። ያንኑ መንገድ ምንም ሳልቀይር ደገምኩት። ሁለተኛው ዙር የሚቆርጠው መጀመሪያ ቢቱ ታጥፎ የተወውን ነው። ትንሽ ብናኝ ወጣ። ካሊፐር 52.05 አለ። አንድ ጎኑን በሴጌቶ ሰንጥቄ በኤም5 ቡሎን የሚጠብቅ አደረግኩት፤ ስለዚህ ይሄ ልክ በቂ ነው። የኩሽኔታዎቹ ቀዳዳዎች ትንሽ ሰፉ፤ በኢፖክሲ ያዝኳቸው። ኢፖክሲው እስኪደርቅ ዘንጎቹ ገብተው ቢቆዩ ኩሽኔታዎቹ በራሳቸው ይስተካከላሉ።

ኅዳር፣ ሦስተኛው ሳምንት፦ አዲሱ ስፒንድል

ሳህኖቹ ገቡ። 500 ዋቱ ስፒንድል ታሰረ። ከፍተኛ ዙሩ 12,000 ነው፤ ታኮሜትሩም የሚቀራረብ ቁጥር ሰጠ። ኮሌቱ ከስፒንድሉ ዘንግ ጋር አንድ ነው፣ ተጨማሪ ማስረዘሚያ የለም፤ ውዝወዛው ወደ 0.01 ወርዷል።

የሻንጣውን ሚዛን ደገምኩ። በ5 ኪሎ 0.12 ሚሜ። ከ0.3 ነው የመጣው።

አሁን 4 ሚሜ ባለ አንድ ጥርስ ቢት መያዝ ይቻላል። የቢት ግትርነት በዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ነው የሚያድገው፤ ከ3.175 ወደ 4 መሄድ ብቻ ሁለት እጥፍ ተኩል ያጠነክረዋል። የስለቱ ፍጥነት 150 ሜትር በደቂቃ ሆነ። ንክሻው 0.025። ስቴፕኦቨር 0.4፣ ማለትም የቢቱ አንድ አሥረኛ፤ የፍቅፋቂው መሳሳት ሲካካስ ፊዱ 500 ይወጣል። ጥልቀት 1.5 ሚሜ።

በደቂቃ 300 ኪዩቢክ ሚሜ። ከበፊቱ ሦስት እጥፍ ነው። የሚፈልገው ኃይል አሁንም ከ10 ዋት አያልፍም። ከ500 ዋቱ ውስጥ። ለዚህ ነው ትልቅ ሞተር ስለገዛችሁ ብቻ ትልቅ ጥልቀት አትስጡ የምለው። ሥራውን የቀየረው ሞተሩ አይደለም፤ ሞተሩን የያዘው አልሙኒየምና ቀጥ ያለው ኮሌት ናቸው።

ጥልቀቱን 2.5 አድርጌ አየሁ። መንጫጫት መጣ። ፊዱን በሥራ ላይ እያለ በኦቨርራይድ ከ100 ወደ 80 በመቶ ስቀንሰው አልተወም። ዙሩን ወደ 10,500 ስቀንሰው ተወ። መንጫጫት ሲመጣ ብዙ ጊዜ እጅ የሚሄደው ፊድ ላይ ነው። ዙሩን መነካካት ግን ጥርሱ ብረቱን የሚመታበትን ምት ይቀይረዋል፤ ማሽኑ ከሚንቀጠቀጥበት ምት ያርቀዋል። ዙር ሲቀንስ ፊዱም አብሮ በዚያው ልክ ይቀንስ፤ ካልሆነ ንክሻው ይወፍራል።

ኅዳር መጨረሻ፦ አሁን ያለው ልክ

የሚሠራው የኔማ 17 ሞተር መያዣ ሳህን ነው፤ ለአንድ ጓደኛዬ ስሪዲ ፕሪንተር። 22 ሚሜ መሐል ቀዳዳ፣ በ31 ሚሜ ርቀት አራት የኤም3 ቀዳዳዎች። ከ6 ሚሜ ሳህን።

መጀመሪያ ከጠረጴዛው መሐል ሊቆረጥ ነበር። የሻንጣውን ሚዛን በተለያየ ቦታ ስሞክር ግን መሐል ላይ 0.12 ሲል፣ ጎን ላይ 0.08 ይላል። ኤክሱን የተሸከሙት 10 ሚሜ ዘንጎች መሐላቸው ላይ ይለምጣሉ። ሥራውን ወደ ግራ ጫፍ ወሰድኩት። ጥልቀቱን ወደ 1.8 ከፍ ማድረግ ቻልኩ፣ ግድግዳውም ከበፊቱ ይለሰልሳል። ያለ ምንም ወጪ።

ማሽኑ ጎን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አሁን እንዲህ ይላል፦ 4 ሚሜ አንድ ጥርስ፣ 12,000 ዙር። ጎን ላይ ሲሠራ ጥልቀት 1.8፣ መሐል ላይ 1.5፤ ስቴፕኦቨር 0.4፣ ፊድ 500። ሙሉ ስፋት ሲሆን ጥልቀት 0.4፣ ፊድ 300። መጨረሻ 0.1 ሁለቴ። ለስላሳ ቁስ ከሆነ ዘይት ይብዛ፣ ንክሻው አይነስ።

ቀጣዩ ዘንጎቹን ወደ 12 ሚሜ መቀየር ነው። በስሌት ከ10 ሚሜው ሁለት እጥፍ ይጠነክራሉ። ኩሽኔታቸው 21 ሚሜ ስለሆነ አዲስ ሳህን መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ቁሱ ከምን አለሽ ተራው ሳህን ተርፏል።